ነጠላ የለበሰው ቴሌቪዥን

ቅዳሜ ጧት ተስፋው ከመኝታ ቤት ሲወጣ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ነጠላ ለብሶ አገኘው። ነጠላው የአማቱ የወይዘሮ አምለሰት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ የማይለበሰው፣ ጥለቱ አረንጓዴው። ከአናቱ እስከ እግሩ ሸፍነው፣ ጫፉን ዙሪያውን ሸጉጠውለታል። ሬሳ ነው እንዲህ የሚሸፈን። በሩ አጠገብ ደግሞ የታሰረ ጓዝ ተቀምጧል፤ አንድ ጋቢ፣ አንድ የቅቤ ቅል፣ በፌስታል የተጠቀለለ ጫማ። ተስፋው አንድ ጊዜ ጓዙን፣ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑን እያየ ቆመ። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ካርታ ማንበብ ያውቃል፤ ይሄን ግን ከየት ጀምሮ እንደሚያነበው ግራ ገባው። ከማእድ ቤት የአማቱ ድምፅ መጣ።

«ለኅዳር ሚካኤል መድረስ አለብኝ» ይላሉ። «ጤፉም አጫጅ እየጠበቀ ነው። የመጀመሪያ ቀን እንግዳ ወርቅ፣ የሁለተኛው ብር፣ የሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እኔ ወር አልፎኛል፤ ከብረቱም ወርጃለሁ።»

«እማዬ፣ ማን ምን አለሽ?» አለች ሚስቱ እሌኒ።

«ማንም ምንም አላለኝ። ቢናገሩኝ ጥሩ ነበር። ባልሽ ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረጉብኝና ዝም አሉ። ይሁን። የጨዋ ልጅ ናቸው፣ በጨዋ ደንብ ነግረውኛል፤ እኔም ገብቶኛል።»

በዚህ አገር እንግዳ ሂድ አይባልም። የመኪና ታሪፍ እንደጨመረ ይወራል፣ የእንግዳው አገር ሰብል መድረሱ ይነሣል፣ ትራሱ ሳይታሰብ ይታጠባል፤ እንግዳው ጨዋ ከሆነ የቀረው ይገባዋል። ወይዘሮ አምለሰት ደግሞ ያልተነገረ ነገር በመረዳት ከቡሬ እስከ ሽንዲ አቻ የላቸውም። ችግሩ፣ አንዳንዴ ያልታሰበም ነገር ይገባቸዋል።

ፍጹም ንጹሕ ነኝ እንዳይል ደግሞ የሐሙሱ ነገር አለበት። ሐሙስ ማታ የተማሪ ፈተና ሲያርም ቴሌቪዥኑ ከሳሎን እየጮኸ አላስቆጥር ቢለው፣ «ኧረ ይሄ ነገር አንዳንዴ እንኳ ዝም ቢል!» ብሎ ነበር። ለእሌኒ ነው ያለው፤ በሩ ግን ክፍት ነበር። አርብ ማታ ቴሌቪዥኑ ዝም አለ። ሥዕሉ ድንገት ተቆርጦ፣ መስተዋቱ ላይ ነጫጭ ነገር ብቻ ይንሿሿ ጀመር። ተስፋው ከትምህርት ቤት መጥቶ በመዳፉ አንድ ሁለቴ ጀርባውን መታው፣ «ነገ ይታያል» ብሎ ገብቶ ተኛ። ያቺ መምታቱ ሳትቀር ለአማቱ ምስክር ሆናለች፤ ራሱ አጥፍቶት የሚጠግን ያስመሰለ አድርገው ቆጥረውታል።

ወይዘሮ አምለሰት የመጡት ሊጠየቁ አይደለም። እሌኒ ስምንተኛ ወሯ ነው፤ አምና ጽንስ ወርዶባት አልቅሳ ስለከረመች፣ ዘንድሮ እናትየው አዝመራቸውን ጥለው በጥቅምት መጀመሪያ ከሽንዲ ወዲያ ካለው ቀያቸው መጥተው ፍኖተ ሰላም ከረሙ። እሳቸው ከሄዱ ልጂቱ ብቻዋን ልትወልድ ነው። ወሬውም ይቀድማቸዋል፤ «መምህሩ አማቱን ከአራስ ደጅ አባረረ» ከተባለ ተስፋው ባጃጅ ላይ ተቀምጦ እንኳ አንገቱን ቀና የሚያደርግበት ከተማ አይኖርም። ቴሌቪዥኑም ቢሆን የሳቸው ስጦታ ነው። እሌኒ ፋይናንስ ቢሮ ሥራ የያዘች ጊዜ እናትየው ጊደር ሸጠው፣ ቡሬ ድረስ ወርደው የገዙላት፣ በመኪና ጭናቸው ላይ አድርገው ያመጡላት ነው። ጀርባው ወደ ኋላ የተነፋ፣ የዛሬ ልጆች የሚስቁበት የድሮ ቴሌቪዥን ነው፤ እዚህ ቤት ግን ከባልየው በፊት የገባ ነው።

ገብቶ «እማዬ፣ እኔ አላጠፋሁትም» ማለት ነበረበት፤ ይሄ ለሌላ ሰው ቀላል ነው። ተስፋው ግን ካገባ አራት ዓመቱ ነው፣ ከአማቱ ጋር ፊት ለፊት አንድ ዐረፍተ ነገር ተለዋውጦ አያውቅም። እሳቸው ባሉበት ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤ እሳቸው እሱ ባለበት የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። ገበታ ሲቀርብ «ይብሉ በያቸው» ይላሉ፤ እሱ «እሳቸው ይቅደሙ በያቸው» ይላል። ስሙንም አይጠሩም፤ «ባልሽ» ነው። ክብር ነው፤ ሁለቱም ያደጉበት ነው፤ አንድም ቀን ከብዷቸው አያውቅም። የከበደው በመካከል ለቆመችው ነበር። እሌኒ ወገቧን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ስታልፍ ባልዋ አንገቱን አቅርቦ፣ «እንዲቆዩ ንገሪልኝ እንጂ» አላት።

«አልነግርም» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ። «እግሬ ያበጠው በእርግዝና ብቻ መሰለህ? አራት ዓመት ሙሉ በእናንተ መካከል ስመላለስ ነው። ከዛሬ ወዲያ የማንንም ቃል አላደርስም።» ገባች፣ በሩንም ዘጋች።

ባጃጁ ለስምንት ሰዓት ተቀጥሯል። የሽንዲ መኪና ከዚያ ካለፈ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተስፋው ቁርስ ሳይቀምስ ወጣና ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ተጣደፈ። የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ጠጋኝ ይዞ መጥቶ፣ የተቃጠለውን ዕቃ አስወጥቶ፣ አማቱ በዓይናቸው እንዲያዩት ማድረግ። የየሺጥላ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግን ሲደርስ ደጁ የገበያ ቀን መስሏል። መሬት ላይ አምስት ስድስት ቴሌቪዥን ተደርድሯል። አንዱ ገበሬ ቴሌቪዥኑን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ በሽተኛ ተሸክሞት መጥቶ አሁንም አላወረደውም። አንዲት ሴትዮ የሪሞቱን ባትሪ አውጥታ እያሳየች፣ አዲስ ነው፣ ትናንት ነው የገዛሁት እያለች ትሟገታለች። ሁሉም የሚያወራው ስለ ትናንት ማታ ነው።

«አንድ በአንድ አስረዳሁ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ» አለ የሺጥላ፣ ሪሲቨር ከካርቶን እያወጣ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ የሚያወራ ልጅ ነው። «የማንም ቴሌቪዥን አልተበላሸም። የድሮው ሥርጭት ትናንት ማታ ተዘጋ፤ አናሎግ የሚሉት። አሁን ዲጂታል ብቻ ነው፤ ለድሮ ቴሌቪዥን ይሄ ሪሲቨር ያስፈልገዋል። ሁለት ወር ሙሉ ከታች በጽሑፍ ሲያልፍ አላያችሁም?»

ተስፋው ትዝ አለው። ከሥዕሉ ሥር እየተንሸራተተ የሚያልፍ ቢጫ ጽሑፍ ነበረ። እሌኒ የሎተሪ ማስታወቂያ መስሏት አልፋዋለች፤ እሱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ አያውቅም። ወይዘሮ አምለሰት ከመጡ ጀምሮ ወር ሙሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አይተውታል፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም። በቤቱ ውስጥ ማንበብ የሚችሉት ሁለቱ አያዩም፣ የሚያዩት አንዷ አያነቡም፤ እና እንዴት ይታወቅ! ተስፋው ከልቡ ሳቀ። ባለ ጋቢው ገበሬ ዞሮ አየው።

«የሁሉም ነው የጠፋው በለኛ?» አለ ተስፋው።

«የሁሉም።»

«የሽንዲም?»

«የሽንዲም፣ የቡሬም ነው ቲቸር። ምኑ ነው ያሳቀዎት?»

ነገሩን ባጭሩ ነገረው። የሺጥላም ሳቀና ነጋዴነቱ መጣበት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ እንደ ጣውላ የሳሳ ቴሌቪዥን አሳየው፤ ሃያ ሁለት ሺህ ብር ነው፣ ለእርስዎ ሃያ አንድ፤ ሪሲቨሩ ውስጡ አለ፤ ያንን የድሮውን ቁራሌ ይውሰደው አለ። ተስፋው ገንዘቡ ቢኖረው እንኳ አይሞክራትም። አማቱ ጊደር ሸጠው የሰጡትን ስጦታ፣ እሳቸው ተቀይመው በሚወጡበት ቀን ለቁራሌ መስጠት! በአማቱ አገር በወንበርማ ወረዳ ውስጥ የሚቀብረው ሰው አያገኝም። ሪሲቨሩን ብቻ በሁለት ሺህ አምስት መቶ ገዛ። የሺጥላ ባለ ሦስት ቀለም ገመዱን ከየት የት እንደሚሰካ አሳየውና አንድ ነገር አስጠነቀቀው። «የድሮው ይቅር ባይ ነበር። አንቴናው ቢጣመምም እየደበዘዘ፣ እየጮኸ የሆነ ነገር ያሳይ ነበር። ይሄኛው ምሕረት የለውም፤ ወይ ጥርት አድርጎ ሁሉን ያሳያል፣ ወይ ምንም። መስተዋቱ ላይ አጭር ቀይ መስመር ይመጣል። አንቴናውን ቀስ አድርገው ሲያዞሩ አንድ ቦታ ላይ ረዝሞ አረንጓዴ ይሆናል። እዚያው ላይ ይሰሩት። ውስጥ ሆኖ የሚነግርዎ ሰው ግን ያስፈልጋል።»

ቤቱ ሲመለስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አማቱ ጓዛቸው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጫማቸውን ተጫምተዋል። ተስፋው በተዘጋው የመኝታ ቤት በር ፊት ቆመና ለእሌኒ የሚናገር አስመስሎ ጮክ አለ፤ የከተማው ቴሌቪዥን ሁሉ ጠፍቷል፣ የሽንዲም ጠፍቷል፣ ሥርጭቱ ተቀይሮ ነው፣ መፍትሔውን ገዝቼ መጥቻለሁ። ወይዘሮ አምለሰት ለግድግዳው መለሱ።

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።»

ይሁን አለ በሆዱ። ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ በሁለት እጁ አነሣ፤ ካነሣው በኋላ ግን የት እንደሚያኖረው ጠፋው። የአማት ነጠላ ወንበር ላይ አይጣልም፣ ትከሻ ላይ አይደረግም። እንደ ታቦት መጎናጸፊያ ይዞት ሲቆም ወይዘሮ አምለሰት ተነሥተው ዓይኑን ሳያዩ ተቀበሉትና ተመልሰው ተቀመጡ። ገመዱን ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ፣ ቢጫውን ከቢጫ ሰካ። መስተዋቱ ሰማያዊ ሆነ፤ ከታቹ አጭር ቀይ መስመር ታየች። አማቱ በጎን ዓይናቸው አዩዋት። ተስፋውም ለመስተዋቱ የሚናገር መስሎ፣ ይቺ መስመር ረዝማ አረንጓዴ ስትሆን ነው አንቴናው የሚታሰረው አለና ወጣ።

መሰላሉን ከጎረቤት ከጋሽ ክንፈሚካኤል ተዋሰ። ጡረተኛ ናቸው፤ አንድ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ምክራቸው ግን አልደከመም። መሰላሉን አቀብለው አጥር ላይ ተደግፈው ቆሙ። አንቴናው ጣሪያው ጠርዝ ላይ በተቸነከረ የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ታስሯል፤ የክረምቱ ነፋስ ገፍቶት ወደ ደንበጫ ዞሯል፣ ትንሽም አዘንብሏል። ቆርቆሮው በኅዳር ፀሐይ ግሏል። ተስፋው ሽቦውን ፈታ፣ እንጨቱን አንድ ጣት ያህል አዞረና ወደ ታች ጮኸ።

«እሌኒ! መስመሩ ረዘመ?»

እሌኒ ብርድ ልብሷን እስከ ጆሮዋ ስባ ግድግዳውን እያየች ነው። ሁለተኛም ተጣራ፣ ሦስተኛም። ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ወይዘሮ አምለሰት ብቻ ናቸው። በመጨረሻ ወደ መስኮቱ ተጠጉና በአጥር ላይ ተናገሩ።

«አያ ክንፈሚካኤል፣ አልረዘመም በሏቸው።»

«አልረዘመም ይላሉ!» አሉ ጋሽ ክንፈሚካኤል፣ ሥራ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው።

ሥራው በዚህ መንገድ ተጀመረ። ተስፋው ያዞራል፣ «አሁንስ?» ይላል፤ አማቱ ለጋሽ ክንፈሚካኤል ይነግራሉ፤ እሳቸው ለጣሪያው ያስተላልፋሉ። የለም፣ የለም ሲባባሉ ቆይተው መስመሯ ድንገት ዘለለችና ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነች። ወይዘሮ አምለሰት ደነገጡ። «ረዘመ በሏቸው!» አሉ። ጋሽ ክንፈሚካኤል «ማን?» አሉ። «መስመሩ!» «የምን መስመር?» እስኪባባሉ ተስፋው መልስ ሲያጣ አልፎ አዞረው፤ መስመሯ ተመልሳ ቀላች። በዚያው ቅጽበት ጋሽ ክንፈሚካኤል በሙሉ ድምፃቸው «ረዘመ ይላሉ!» አሉና ተስፋው ሽቦውን ጠምዝዞ አሰረ። «አጠረ በሏቸው» አሉ ከመስኮቱ። ፈታ። እንደገና ያዞር ጀመር።

ሁለተኛውም እንደዚያው አመለጠ። በዚህ መካከል የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። መምህራን ባልደረቦቹ ያሉበት፣ ልብስ የምታጥብ ያለችበት፣ ከሱቅ ዳቦ ይዞ የሚመለስ ያለበት ሕዝብ በአጥሩ ዙሪያ ቆሞ ይመክራል፤ ወደ ቡሬ አዙረው የሚል አለ፣ የለም ወደ ተራራው ነው የሚል አለ። የሁሉም ቤት ቴሌቪዥን ዝም ስላለ ዛሬ ያለው ትርዒት ይሄ ብቻ ነው። ባጃጁም መጣ። ሹፌሩ ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋ። ተስፋው ከላይ ሆኖ ጓዙን በበሩ በኩል አየው፤ ከዚያ የቆመውን ባጃጅ አየ፤ መዳፉ በቆርቆሮው ተቃጥሏል፤ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። አሁን ከሄዱ እውነቱ ከነሪሲቨሩ ተሰክቶ ይቀራል። አራት ዓመት የጠበቀውን ደንብ ጣሪያው ላይ ተወው።

«እማዬ!» አለ።

እሌኒ እናቷን የምትጠራበትን ስም ነው የጠራው፤ ሌላ አልመጣለትም። «እማዬ፣ ጋሽ ክንፈሚካኤል አይሰሙም! እስኪደርሰኝ ያልፈኛል! በእመብርሃን፣ ራስዎ ይንገሩኝ!»

ወይዘሮ አምለሰት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ሕዝቡ መስኮቱን ያያል፤ ሹፌሩ እንኳ ሞተሩን አጥፍቷል። ተስፋው እንጨቱን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀስ አድርጎ ማዞር ቀጠለ። ሳሎኑ ውስጥ ቀይዋ መስመር ትንሽ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ዘለለች። ነጠላው ከአፍ ላይ ወደቀ።

«ተስፋው! ቁም!» አሉ። ከእርሻ ማዶ በሬ የሚመልስ ድምፅ ነው፤ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። «ቁም ብዬሃለሁ! በሚካኤል፣ እንዳትነቃነቅ!»

«ቆሜያለሁ እማዬ!»

«አረንጓዴ ነው! ዳር እስከ ዳር ሞልቷል! በል እሰረው! አይ፣ አይ፣ ተነቃነቀብህ... መልሰው... ትንሽ ወደ ቡሬ... እህ፣ እህ፣ እዚያው ላይ! አጥብቀህ እሰረው!»

ተስፋው በአንድ እጁ እንጨቱን አቅፎ በሌላው ሽቦውን ጠመጠመ። ታች ሕዝቡ ያጨበጭባል። የባጃጁ ሹፌር ወደ መስኮቱ ቀረብ ብሎ፣ «እማማ፣ እንሂድ እንጂ፣ የሽንዲው መኪና ያመልጥዎታል» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ላይ መሆኔ አይታይህም?» አሉት።

ተስፋው በመሰላሉ ወርዶ፣ በጥላሸት እጁ ገብቶ የሪሞቱን ቁልፍ ተጫነ። ቁጥሮች ተንጠባጠቡ፤ አንድ ጣቢያ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። አማቱ ዱካቸውን ትተው ቆመዋል። ከዚያ ሥዕሉ መጣ። የጤፍ ማሳ ነበር። ያ የጊደር ዋጋ ቴሌቪዥን፣ ከተገዛ ጀምሮ ሰውን ከነጥላው ደብለቅለቅ አድርጎ ሲያሳይ የኖረው፣ ዛሬ የጤፉን ዛላ አንድ በአንድ ለይቶ አሳየ። ነፋስ ሲያልፍበት ታየ። አጫጁ ቀና ሲል ግንባሩ ላይ ያለው ላብ ታየ። ወይዘሮ አምለሰት መስተዋቱን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት፣ እጃቸውን አዩት፣ ከዚያ አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልሰው እልልታቸውን ለቀቁት። ከውጭ የሰፈሩ ሴቶች ተቀበሏቸው። ጋሽ ክንፈሚካኤል «መጣ ይላሉ!» ብለው ለሕዝቡ አወጁ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። እሌኒ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳቅና እንባ ተቀላቅሎባት ቆመች። «ማን ነው ተስፋው ቁም ያለው?» አለች። «እውን ነው ወይስ ሕልም?»

«ምን ላድርግ፣ ሊያልፈው ነበር» አሉ እናቷ። ከዚያ ወደ አማቻቸው ዞሩ፣ ዓይን ለዓይን። «እኔስ ሌላ መስሎኝ ነበር። ክፉ ጠርጥሬሃለሁ።»

«ሐሙስ ለት ዝም ቢል ማለቴ እውነት ነው፣ እማዬ።»

«ሰምቻለሁ። ድምፁን እቀንሰዋለሁ።» ጓዙን በእግራቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። «በል፣ ለባጃጁ የድካሙን ስጠውና ይቺን ወደ ውስጥ አስገባልኝ። ሚካኤል እንደሁ እዚህም አለ። ጤፉን ጎረቤት ያጭደዋል፤ እኔ የአራስ እናት ነኝ አሁን።»

ተስፋው ጓዙን ተሸክሞ አስገባ፤ ቀላል ነበር፣ ደስታው ግን አላስቻለው፣ ቅሉን ሊሰብረው ምንም አልቀረው። ሲመለስ አማቱ ጫማቸውን አውልቀው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከማሳው ሥር ቢጫ ጽሑፍ እየተንሸራተተ ማለፍ ጀመረ። ወይዘሮ አምለሰት ጣታቸውን ቀሰሩበት፤ ከጎናቸው ያለውን ወንበርም መታ መታ አደረጉ።

«ና ተቀመጥ» አሉ። «ይሄ ደግሞ ምን እያለ ነው? ሌላ ጊዜ ሳንሰማ እንዳያጠፉብን፣ ከእንግዲህ አንተ ታነብልኛለህ።»

ተስፋው ከአማቱ ጎን ተቀመጠና ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር።